ከሠረገላው ፊት በእግር፦ የሮም ጄኔራሎች በተሰለፉበት መንገድ ላይ የአራት ሰዓት ጉብኝት

ሮም ከገባሁ 11 ዓመት ሆኖኛል። ሥራዬ አዛውንት መንከባከብ ነው፤ እዚህ ያለን ሰዎች «ባዳንቴ» የምንለው። ዕረፍቴ ሐሙስ ከሰዓትና እሑድ ብቻ ስለሆነች በኮሎሲየም አጠገብ ሳልፍ ሁልጊዜ ለአውቶቡስ እየሮጥኩ ነው። ስለ ቄሳርና ስለ ፖምፔይ ትምህርት ቤት ያስተማሩኝን ያህል አውቃለሁ። ያ ሁሉ የተፈጸመው እኔ በየሳምንቱ በምረግጠው መሬት ላይ መሆኑን ግን አንድም ቀን ልብ ብዬው አላውቅም ነበር። ባለፈው ወር የምንከባከባቸው ሲኞራ ለልደቴ 50 ዩሮ ሰጥተውኝ «ለራስሽ አውጪው፣ እንዳትልኪው» አሉኝ። በእሱ ነው ይህን ጉብኝት የገዛሁት። ዋጋው 48 ዩሮ፣ ቋንቋው ጣሊያንኛ፣ ተጓዡ ከ15 ሰው አይበልጥም።

ጉብኝቱ የሚከተለው የድል ሰልፉን መንገድ ነው። ጦርነት አሸንፎ የተመለሰ የሮም ጄኔራል፣ ሴኔቱ ከፈቀደለት፣ የዘረፈውን ሀብትና የማረካቸውን ሰዎች ከፊቱ አስቀድሞ፣ ሠራዊቱን ከኋላው አስከትሎ፣ በአራት ፈረሶች በሚጎተት ሠረገላ ቆሞ ከተማዋን ያቋርጣል፤ መጨረሻው ካፒቶሊን ኮረብታ ላይ የነበረው የዋና አምላካቸው የዩፒተር ቤተ መቅደስ ነው። ሌሎቹ ጉብኝቶች ኮሎሲየም ያስገቡሽና ፎቶ አስነስተው ይሸኙሻል። ይሄኛው ሰልፉ በሄደበት ቅደም ተከተል ያስኬዳል፤ ልዩነቱ ምን ያህል እንደሆነ የገባኝ ከተራመድኩት በኋላ ነው።

ጠዋት ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ላርጎ አርጀንቲና ተገናኘን። አስጎብኚያችን ጡረታ የወጡ የላቲን መምህር ናቸው፤ ዕድሜያቸው ወደ ሰባ ቢጠጋም እርምጃቸው ከሁላችን ይፈጥናል። ገና ሲጀምሩ «ዛሬ ሠረገላው ላይ አንወጣም። የምንሄደው ከሠረገላው ፊት፣ ከምርኮኞቹ ጋር ነው» አሉን። አራቱንም ሰዓት ከዚህ ቃላቸው ዝንፍ አላሉም።

ላርጎ አርጀንቲና ከመንገዱ ዝቅ ያለ ጉድጓድ ነው፤ ውስጡ አራት የቤተ መቅደስ ፍርስራሾች አሉ፣ ድመቶቹም ታዋቂ ናቸው። እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ መተላለፊያ ተሠርቶለት ወርዶ ማየት ይቻላል። ከክቡ ቤተ መቅደስ ጀርባ የፖምፔይ መሰብሰቢያ አዳራሽ መሠረት ይታያል። ፖምፔይ በአፍሪካ፣ በስፔንና በእስያ ድል አድርጎ ሦስት ጊዜ የተሰለፈ ሰው ነው። ሦስተኛው ሰልፍ የተደረገው ከክርስቶስ ልደት በፊት (ከዚህ በኋላ እ.ኤ.አ. ካላልኩ የጥንቶቹ ዓመቶች ሁሉ እንዲሁ ናቸው) በ61 ሲሆን ሁለት ቀን ፈጅቷል፤ ሁለተኛው ቀን 45ኛ የልደት ቀኑ ነበር። በዚያ ሰልፍ ላይ ከዕንቁ የተሠራ የራሱ ፊት ተሸክመውለት ዞረዋል፤ አካል የሌለው፣ ጭንቅላት ብቻ። ከ13 ዓመት በኋላ ግብፅ ባሕር ዳርቻ ላይ አንገቱን ቆረጡት። እሱን ያሸነፈው ቄሳርም በ44 እዚሁ አዳራሽ ውስጥ፣ ከፖምፔይ ሐውልት እግር ሥር ተወግቶ ወደቀ። መምህሩ ይህን ሲነግሩን ድምፃቸውን አላነሱም፤ ወደ ድንጋዩ ጠቁመው ዝም አሉ።

ቀጥሎ ከማርቸሎ ቴአትር ጎን የቤሎና ቤተ መቅደስ ወደነበረበት ሄድን። ቤሎና የጦርነት አምላካቸው ናት። ጄኔራሉ ጦሩን እንደያዘ የከተማዋን የተቀደሰ ወሰን መሻገር ስለማይፈቀድለት ሴኔቱ ወጥቶ እዚህ ይሰማው ነበር። ሰልፍ ለማግኘት በአንድ ውጊያ ቢያንስ 5000 ጠላት መግደል ያስፈልግ እንደነበር ከሮማውያኑ አንዱ ጽፎ ትቷል። እኛ ዘንድ ጀግና ግዳዩን ቆጥሮ ይፎክራል፤ እነዚህ ደግሞ ግዳዩን በሂሳብ መዝገብ ለምክር ቤት ያቀርቡ ነበር። ቁጥሩን ስሰማ ሰውነቴን ቀዘቀዘኝ። አንድ ሰው ሰልፍ ስለሚፈልግ ብቻ ጦርነት የሚፈልግበት አገር ማለት ነው።

ቬላብሮ ላይ ብዙ አልቆየንም። በ46 ቄሳር ጋሎችን (በዛሬዋ ፈረንሳይ ይኖሩ የነበሩትን ሕዝቦች) ያሸነፈበትን ሰልፍ ሲያደርግ የሠረገላው ዘንግ የተሰበረው እዚህ ነው፣ ሊወድቅም ነበር። ወታደሮቹ በሰልፉ ላይ አለቃቸውን በዘፈን መሳደብ ይፈቀድላቸው ነበርና ስለ ራሰ በራነቱና ስለ ሴት ወዳድነቱ ሲያቀነቅኑ ነበር የሄዱት።

ቺርኮ ማሲሞ፣ የጥንቱ የሠረገላ መሽቀዳደሚያ ሜዳ፣ ስንደርስ ሣሩ ላይ አስቀመጡንና የጉብኝቱን ልብ የሆነውን ታሪክ ነገሩን። ይህን ክፍል ሳላሳጥር ልጻፈው።

በ168 የሮም ጄኔራል ኤሚልየስ ፓውሉስ የመቄዶንያን ንጉሥ ፐርስዮስን ፒድና ላይ ድል አደረገ። በዓመቱ ሮም ላይ የተደረገው ሰልፍ ሦስት ቀን ፈጀ። በመጀመሪያው ቀን የተዘረፉ ሐውልቶችና ሥዕሎች የጫኑ 250 ጋሪዎች አለፉ። በሁለተኛው ቀን የጦር መሣሪያው፣ ከኋላው ደግሞ የብር ገንዘብ የሞላባቸውን 750 ዕቃዎች፣ አንዱን ለአራት ተሸክመው 3000 ሰዎች ሄዱ። ከዚህ ሀብት የተነሳ የሮም ዜጎች በቀጥታ ይከፍሉት የነበረው የጦር ግብር ቀረላቸው። በሦስተኛው ቀን ወርቁ፣ ከወርቁ ኋላ የንጉሡ ባዶ ሠረገላ ከነዘውዱ፣ ከዚያ ልጆቹ። ሁለት ወንዶችና አንዲት ሴት ነበሩ፤ አሳዳጊዎቻቸው እያለቀሱ «እጃችሁን ዘርጉና ለምኑ» እያሉ ያስተምሯቸዋል፤ እነሱ ግን ምን እንደደረሰባቸው አያውቁም። የግሪኩ ጸሐፊ ፕሉታርክ እንደጻፈው ሕዝቡ ልጆቹን እያየ አለቀሰ። ፐርስዮስ ጥቁር ልብስ ለብሶ ከልጆቹ ኋላ ሄደ።

ፓውሉስ ራሱ ያኔ ቤቱ ሐዘን ነበር። ቤት ከቀሩለት ሁለት ልጆች አንዱ፣ የ14 ዓመቱ፣ ከሰልፉ አምስት ቀን በፊት ሞተ። የ12 ዓመቱ ከሰልፉ ሦስት ቀን በኋላ ተከተለው። ትልልቆቹን ሁለት ወንዶች ለሌሎች ቤተሰቦች በጉዲፈቻ ሰጥቷቸው ስለነበር ስሙን የሚያስጠራ አልቀረውም። የተሸነፈው ልጆቹ አሉት፣ ያሸነፈው የለውም ብሎ ለሕዝቡ የተናገረው እሱ ራሱ ነው።

ፐርስዮስ በእስር ሞተ፤ ከልጆቹም ሁለቱ ሞቱ። አሌክሳንደር የተባለው ግን ተረፈ። ብረት መቅረጽ ተማረ፣ የሮማውያንን ቋንቋ መጻፍና መናገር ለመደ፣ ለሹማምንቱ ጸሐፊ ሆኖ በዚሁ ሥራ ኖረ። የታላቁ እስክንድር ዙፋን ላይ የተቀመጠ ንጉሥ ልጅ፣ በስሙም እስክንድር የሆነ፣ የሰው አገር ቢሮ ውስጥ የሰው ቋንቋ ሲጽፍ። ይህን ስሰማ የመጀመሪያ ዓመቴ ትዝ አለኝ፤ ማታ ማታ ወጥ ቤት ቁጭ ብዬ የጣሊያንኛ ግሥ በደብተር የምገለብጥበት። መምህሩ ዓይኔን አይተው መሰለኝ ለጥቂት ደቂቃ ወሬያቸውን አቆሙ። ሙያ ማለት ይሄ ነው፤ ብዙ የሚያውቅ አስጎብኚ አይቻለሁ፣ መቼ ዝም ማለት እንዳለበት የሚያውቅ ግን እሳቸውን ነው ያየሁ።

ከዚያ ተነስተን በፖርታ ካፔና አደባባይ አለፍን። እኔ ሳልጠይቃቸው ቆሙና የአክሱም ሐውልት ከ1937 እስከ 2003 እ.ኤ.አ. የቆመው እዚህ፣ ለ«ጣሊያን አፍሪካ ሚኒስቴር» በታሰበው፣ ዛሬ የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት በሆነው ሕንፃ ፊት እንደነበር ለሁሉም አስረዱ። የድል ሰልፉ መንገድ ላይ ሆን ተብሎ የቆመ ምርኮ ነው አሉ። በ2005 ተመልሶ በ2008 አክሱም ላይ መቆሙን ደግሞ እኔ ጨመርኩላቸው። ባርኔጣቸውን አውልቀው ሰሙኝ።

ኢየሩሳሌምን ድል ያደረገው የንጉሠ ነገሥት ቲቶ ቅስት ሥር ስትቆሙ በስተ ደቡብ ያለውን የውስጥ ግድግዳ ቀና ብላችሁ እዩ። ኢየሩሳሌም በ70 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. ከፈረሰች በኋላ በነጋታው ዓመት የተደረገው ሰልፍ ተቀርጾበታል፦ ባለ ሰባት ቅርንጫፉ መቅረዝ፣ የኅብስቱ ገበታ፣ መለከቶቹ፣ ሁሉም በሮማውያን ትከሻ ላይ። በቤተ ክርስቲያን ስሰማው የኖርኩት መቅረዝ ዓይኔ ሥር ሆኖ ሳየው እጄ አፌ ላይ ሄደ። ፊት ለፊት ባለው ግድግዳ ቲቶ ሠረገላው ላይ ቆሟል። በእውነተኛው ሰልፍ ከጄኔራሉ ኋላ አንድ ባሪያ ቆሞ ዘውዱን እየያዘለት «ሰው መሆንህን አስታውስ» ይለው ነበር ይባላል። ቅርጹ ላይ ግን ባሪያው የለም፤ ዘውዱን የያዘችው ባለ ክንፍ የድል አምላክ ናት።

የንጉሠ ነገሥት ሴፕቲምየስ ሴቬሩስን ቅስት ፈጠን ብለን አለፍን፤ አንድ ነገር ግን እንዳያመልጣችሁ። በጽሑፉ አራተኛ መስመር ላይ «ጌታ» (Geta) የሚባለው የትንሹ ልጁ ስም ነበረ። ወንድሙ ካራካላ ካስገደለው በኋላ ስሙ ተፍቆ በሌላ ቃል ተተካ፤ የድሮዎቹ የነሐስ ፊደላት የተመቱባቸው ቀዳዳዎች ግን እስካሁን አሉ።

ከዚያ እስር ቤቱ። ቱሊያኑም ይባላል፣ ከካፒቶሊን ሥር ነው። ሠረገላው ወደ ኮረብታው ሲታጠፍ የምርኮኞቹ አለቃ ተነጥሎ ወደዚህ ይገባል። አሁን ደረጃ ተሠርቶለታል፤ ያኔ ግን መውረጃው የላይኛው ወለል ላይ ያለው ክብ ቀዳዳ ብቻ ነበር። ታች ጣሪያው ዝቅ ያለ ነው፣ ድንጋዩ ይረጥባል፣ ቅዝቃዜው እግር ይይዛል። በሰሜን አፍሪካ የኑሚድያ ንጉሥ ዩጉርታ በ104 በጄኔራሉ ማርየስ ሰልፍ ከታየ በኋላ ልብሱን ገፈው፣ የወርቅ ጉትቻውን ሲነጥቁ ጆሮውን ቀደው እዚህ ጣሉት። «ይህ መታጠቢያችሁ እንዴት ይቀዘቅዛል!» ማለቱን ጽፈውለታል፤ ስድስት ቀን ከረሃብ ጋር ታግሎ ሞተ። የጋሎቹ መሪ ቬርሲንጌቶሪክስ በ52 አሌሲያ ላይ እጁን ሰጥቶ፣ ቄሳር ጊዜ አግኝቶ እስኪሰለፍ ስድስት ዓመት በእስር ተጠብቆ፣ ሰልፉ ሲያበቃ ተገደለ። እጄን ግድግዳው ላይ አድርጌ ቆየሁ።

ቅሬታዬም እዚሁ በር ላይ ነው። ስከፍል የእስር ቤቱ መግቢያ ተካቷል የሚል ጽሑፍ አንብቤ ነበር፤ በሩ ላይ ግን ተጨማሪ 10 ዩሮ በነፍስ ወከፍ ተጠየቅን። መምህሩ አፍረው የአንዲት ተማሪ ልጅ ድርሻ ከኪሳቸው ከፈሉ። ለድርጅቱ ሁለት ጊዜ ጽፌ እስካሁን መልስ አላገኘሁም፤ ገንዘቤ እስኪመለስ ስሙን እዚህ አልጽፍም። «ትሪዮንፎ» (የድል ሰልፍ) የሚል ርዕስ ያላቸው ተመሳሳይ ጉብኝቶችን የሚሸጡ ሌሎችም አሉ፤ የትኛውንም ብትገዙ የእስር ቤቱን ነገር አስቀድማችሁ በጽሑፍ አረጋግጡ። የጆሮ ማዳመጫዬም ቺርኮ ማሲሞ ላይ ባትሪው አልቆ ከመምህሩ ጎን ተለጥፌ ነው የጨረስኩት። ያ ግን አልጎዳኝም፣ እንዲያውም የበለጠ ሰማሁ።

መጨረሻው የንጉሠ ነገሥት ትራያን ዓምድ ነው፤ ለሱ የቀረን 15 ደቂቃ ብቻ ነበር፣ ይህ ትልቁ ጉድለት ነው። ወደ 200 ሜትር የሚደርስ የተቀረጸ ታሪክ ዓምዱን እየጠመጠመ ይወጣል፤ ከ2600 በላይ ሰዎች አሉበት። ስለ ዳክያ ጦርነት ነው፣ ዛሬ ሩማንያ በሚባለው አገር። የሚገርመው ከውጊያው ይልቅ ሥራው ይበዛል፦ ወታደሮች እንጨት ይቆርጣሉ፣ ምሽግ ይገነባሉ፣ ድልድይ ይዘረጋሉ። እንዲህ ነው ያሸነፉት አሉ መምህሩ፣ ከሰይፍ ይልቅ በአካፋ። ከላይ፣ ከመሬት ሆኖ በማይለይበት ከፍታ፣ የዳክያው ንጉሥ ዴከባሉስ ዛፍ ሥር ተንበርክኮ፣ ፈረሰኞቹ ሳይዙት የገዛ ጉሮሮውን ሊቆርጥ ጩቤውን አንስቷል። ፎቶውን አሳትመው ስለያዙ በቅርብ አየነው። በሰልፉ መንገድ በእግሩ ላለመሄድ ነው።

ለምትሄዱ፦ የፎሮው (የጥንቱ የሮም አደባባይ) ድንጋይ ያዳልጣልና ጠፍጣፋ ጫማ አድርጉ። ውሃ አትግዙ፣ በየመንገዱ ያሉት የናዞኔ ቧንቧዎች ንጹሕ ናቸው። የወሩን የመጀመሪያ እሑድ አትምረጡ፤ መግቢያ ነፃ ስለሆነ ወረፋው አያስገባም። ከአምስት አራት ኮከብ ሰጥቻለሁ፤ ለመምህሩ ብቻ ቢሆን አምስት ነበር።

ማታ ስመለስ ሲኞራ ምን እንዳየሁ ጠየቁኝ፤ የአሌክሳንደርን ታሪክ ነገርኳቸው። ሮም ተወልደው 86 ዓመት የኖሩ ሴት ሰምተውት አያውቁም ነበር። በዊልቸር የፎሮው ድንጋይ አይቻልም፤ ላርጎ አርጀንቲናን ግን ከመንገዱ አጥር ሆነው ማየት ስለሚችሉ በሚቀጥለው ሐሙስ እየገፋሁ ልወስዳቸው ተስማምተናል።