ጆን ዲር ኤክስ380፦ አሮጌውን የሣር ማጨጃ ሸኝቼ የገዛሁት

ሜሪላንድ ውስጥ ከከተማ ወጣ ብሎ ሰፊ ግቢ ያለው ቤት የገዛ ሁሉ የሣርን ነገር ያውቃታል። ሚያዝያና ግንቦት ላይ፣ ልክ ለፋሲካ እንግዳ በሚመጣበት ሰሞን፣ ዝናብና ሙቀት ሲገናኙ ሣሩ ዓይናችሁ እያየ ነው የሚያድገው። ለአንድ ኤከር የሚገፋ ማሽን አይሆንም። ተቀምጠው የሚነዱት የግድ ነው።

አሮጌው ማሽኔ የማጨጃው ስፋት 42 ኢንች ነበር፤ ብዙ ዓመት አገልግሎኛል። ያቆየው ደግሞ ርካሽ ነገር ነው። ዘይትና ፊልትሮ በዓመት አንዴ ወይም በ50 ሰዓት፣ ካንዴላ፣ የአየር ማጣሪያ፣ በቃ። ምላጩን በየ25 ሰዓቱ ማሳል አለባችሁ፤ የደነዘዘ ምላጭ ሣሩን አይቆርጠውም፣ ይቀደዋል፣ በማግስቱ ጫፉ ነጥቶ ታዩታላችሁ። (ምላጩን ከመንካታችሁ በፊት የካንዴላውን ገመድ ንቀሉ፣ እባካችሁ።) ቁልፉን ስታዞሩ ሞተሪኖው ቀጭ ብሎ ዝም ካለ ወዲያው አዲስ ሞተሪኖ አትግዙ፤ አብዛኛውን ጊዜ የደከመ ባትሪ ወይም የዛገ የባትሪ ራስ ነው። ቤንዚን ላይ ጠንቀቅ በሉ። ኢ10 (10 በመቶ ኤታኖል የተቀላቀለበት) ይሠራል፣ ኢ15 (15 በመቶው) ግን ለትናንሽ ሞተሮች አይፈቀድም። ኤታኖል ውኃ ይስባል፣ ክረምቱን ታንከር ውስጥ የቆየ ቤንዚን ደግሞ ካርቡራቶሪውን ይደፍነዋል፣ ስለዚህ ከክረምቱ በፊት የቤንዚን ማረጋጊያ ጨምሩበትና ሞተሩን ትንሽ አስነሥታችሁ አቁሙት።

ይሄ ሁሉ ሞተሩን ያድነዋል። ካምቢዮውን ግን አያድነውም። ርካሾቹ ማሽኖች ላይ ያለው ሃይድሮስታቲክ (በዘይት ግፊት የሚሠራ) ካምቢዮ ለሜዳ ነው የተሠራው፣ ዳገትና ተጎታች ይገድለዋል። ምልክቱ የማይሳሳት ነው፦ ጠዋት ሲነሣ ደህና ይሄዳል፣ ዘይቱ ሲሞቅ ግን ዳገቷ ላይ ፔዳሉን እስከ ወለሉ ብትረግጡትም ሞተሩ እየጮኸ ማሽኑ ይንፏቀቃል፣ ከዚያ ጭራሽ ይቆማል፣ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ምንም እንዳልሆነ ሰው ተነሥቶ ይሄዳል። ብዙዎቹ ዘይት ማፍሰሻ ቡሎን እንኳ የላቸውም። ዘይቱን ለመቀየር ካምቢዮው በሙሉ ተፈትቶ መውረድ አለበት። መካኒኩ የዕቃና የእጅ ዋጋ ሲነግረኝ ከአዲስ ማሽን ዋጋ ግማሽ አለፈ። ቺንጋ፣ ባትሪ፣ ካርቡራቶሪ ቢሆን አሠራ ነበር። ለካምቢዮ ግን አላወጣም አልኩ።

ኤክስ380ን የመረጥኩት በዚሁ ምክንያት ነው። ሰው ሲገዛ የፈረስ ጉልበት ይጠይቃል፤ እኔ የምለው ካምቢዮውን ጠይቁ ነው። የዚህኛው ከጆን ዲር ርካሽ ማሽኖች፣ ከ100 ሲሪዝ፣ ይጠነክራል፣ ዳገቷን ሣር የሞላ ከረጢት ይዞ ሲወጣ ድምፁ እንኳ አይለወጥም። የእኔ ባለ 48 ኢንች ነው፤ እነዚያ ስድስት ኢንቾች ግቢው ላይ ብዙ ምልልስ ይቀንሳሉ። ሁለቱ ፔዳሎች፣ አንዱ ወደ ፊት አንዱ ወደ ኋላ፣ ዛፍ ሥር ስትዞሩ እጃችሁን መሪው ላይ ያስቀሩላችኋል። ከፍታውን ከሦስት ኢንች በላይ አድርጌ ነው የማጭደው፣ ለፌስኪው ሣር የሚስማማው እሱ ነው፣ በሐምሌ ሙቀትም አይቃጠልም።

ዋስትናው 4 ዓመት ወይም 300 ሰዓት ነው፣ የ100 ሲሪዝ 2 ዓመት ወይም 120 ሰዓት። ዋጋው ይከብዳል፣ አልደብቃችሁም። ሆም ዲፖና ሎውስ ላይም በብዛት የምታገኙት 100 ሲሪዙን ነው፣ ለኤክስ380 ወደ ወኪሉ መሄድ ግድ ነው። እኔ ወኪሉን ወድጄዋለሁ፣ ለሰርቪስ ቤት ድረስ መጥተው ይወስዱታል።

ግቢያችሁ ሜዳ ከሆነና ግማሽ ኤከር ካልሞላ ግን ይሄን አትግዙ። 100 ሲሪዙ ይበቃችኋል፣ የተረፈውን ገንዘብ ለሌላ ነገር አውሉት።