ለማስተማሪያ የተዘጋጀ የቀደምት ሰዎች አጥንት ቅጂ፦ ጥራቱና ጉድለቱ

ስብስቡ አሥር ቁራጭ ሲሆን ሁሉም በሬዚን የተሠራ ነው። አራት የራስ ቅሎች አሉት፦ የቺምፓንዚ፣ የአውስትራሎፒቴከስ አፋረንሲስ (የድንቅነሽ ዝርያ)፣ የፓራንትሮፐስ ቦይሴይ (ሌላ የጠፋ የሰው ዘመድ) እና የዘመናዊ ሰው። በተጨማሪም የቺምፓንዚ፣ የድንቅነሽና የሰው ዳሌ፣ የቺምፓንዚና የሰው የጭን አጥንት፣ እንዲሁም እ.ኤ.አ. በ1973 አፋር ውስጥ ሐዳር ላይ የተገኘው ጉልበት ይገኙበታል። ሳጥኑን የከፈተ ሁሉ መጀመሪያ የሚያነሣው ራስ ቅሎቹን ነው፤ ለዋጋው የሚመጥኑት ግን ከወገብ በታች ያሉት ናቸው።

የጭን አጥንቱን ሁለቱ የጉልበት ጉብታዎች ጠረጴዛውን እንዲነኩ አድርጎ ማቆም ነው። የቺምፓንዚው ቀጥ ብሎ ይቆማል። የሰው ወደ ውጭ ያዘነብላል፤ በፕሮትራክተር ሲለካ ወደ 10 ዲግሪ ይሆናል። የሐዳሩ ጉልበት ዘንጉ አጭር ስባሪ ቢሆንም ማዘንበሉ በዓይን ይታያል፤ ባለቤቱ በሁለት እግር ይሄድ እንደነበር የሚናገረውም ይኸው ነው። ልኬቱ የሚበላሸው አንዱ ጉብታ ከጠረጴዛው ሲነሣ ነው፤ ወረቀት በሥሩ ካለፈ እንደገና ማስቀመጥ ያስፈልጋል።

ዳሌዎቹም ግሩም ናቸው። የቺምፓንዚው ረጅምና ጠባብ ነው፤ የድንቅነሽ አጭርና ወደ ጎን የተዘረጋ። የእሷ የግራ ዳሌ አጥንት የተሰባበረና የተጨፈለቀ ሆኖ ነበር የተገኘው፤ አምራቹ የተጠቀመው አሜሪካዊው የሥነ ሰብእ ተመራማሪ ኦወን ላቭጆይ በጀሶ አስተካክሎ የመለሰውን ቅርፅ በመሆኑ ምርጫው ትክክል ነው።

ራስ ቅሎቹ ላይ ቅሬታ አለን። የአፋረንሲሱ «የድንቅነሽ ራስ ቅል» የሚል ጽሑፍ ተለጥፎበታል፤ ይህ ስሕተት ነው። ከድንቅነሽ ጭንቅላት የተረፈው የታችኛው መንጋጋና ጥቂት ስባሪ ብቻ ነው። የዝርያው የአዋቂ ራስ ቅል ከሞላ ጎደል ተሟልቶ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1992 እዚያው ሐዳር ላይ ነው፤ የአንጎሉ መጠንም 550 ሲሲ አካባቢ ይገመታል። በቅጂው ላይ እውነተኛው አጥንትና የተሞላው ክፍል በአንድ ቀለም ስለተቀቡ ተማሪ ሊለያቸው አይችልም።

ከዚህ የሚብሰው ግን የቅጂው ሥር መደፈኑ ነው። ሕብለ ሰረሰር የሚያልፍበት ቀዳዳ ወደ ኋላ ነው ወይስ ወደ መሐል የሚለው ጥያቄ ራስ ቅልን ለመለየት ዋና መነሻ ሆኖ ሳለ፣ እዚህ ግን በቦታው ያለው ስርጉድ ምልክት ብቻ ነው። የቺምፓንዚውና የሰው ቅል ክፍት ስለሆኑ የአንጎል መጠን መለካት ይቻላል፦ ቀዳዳዎቹን በጥጥ መድፈን፣ የሰናፍጭ ፍሬ እየነቀነቁ መሙላት፣ ከዚያ መለኪያ ሲሊንደር ውስጥ መገልበጥ፣ ይህን ሦስት ጊዜ ደጋግሞ አማካዩን መውሰድ። ጤፍ በየስንጥቁ ስለሚሾልክ አይሆንም።

የቦይሴዩ የላይኛው ክፍል እ.ኤ.አ. በ1959 ታንዛኒያ ውስጥ ኦልዱቫይ ላይ ተመራማሪዋ ሜሪ ሊኪ ያገኘችው ነው፤ እሱ ሲገኝ የታችኛው መንጋጋ አልነበረውም። ከሳጥኑ የወጣው መንጋጋ የሌላ ግለሰብ መሆኑ አለመጻፉ ያሳዝናል፤ ጥርስ ከጥርስ የማይገጥመውም በዚህ ምክንያት ነው።

ክራንቻ ጥርሶቹ ለማነጻጸር ይበቃሉ፤ የቺምፓንዚው ረጅምና ስል፣ የአፋረንሲሱ ያነሰ ነው። የጥርስ ሽፋን ውፍረትና ጥቃቅን የመፋቅ ምልክቶች ግን በዚህ ሬዚን ላይ አይነበቡም።

የእንስሳትና የሰው ዝግመተ ለውጥ ለሚያስተምር ክፍል ስብስቡን እንመክራለን፤ ተለጣፊውን ጽሑፍ ልጦ በትክክለኛው መተካት ግን ግድ ነው። ራስ ቅሎቹን ከሳጥን ሲያወጡ በጉንጭ አጥንቱ ቅስት አይያዙ፤ መጀመሪያ የሚሰበረው እሱ ነው።