አሮጌ የጥይት መሙያ ከግለሰብ ገዛሁ፦ የ14 ወር ልምዴ

ሽማግሌው ጋራዡን ሲከፍቱልኝ መጀመሪያ ያየሁት መሣሪያውን አይደለም። ጠረጴዛውን ነው። ተጠርጎ ጸድቷል። ብሎኖቹ በየብልቃጡ ተለይተው ተቀምጠዋል፤ እያንዳንዱ ብልቃጥ ላይ በእርሳስ ተጽፎበታል። መፍቻዎቹ በቁመታቸው ተሰድረው ግድግዳው ላይ ተሰቅለዋል። ገና ብረቱን ሳልነካ ግማሽ ልቤ ገዝቶ ጨርሶ ነበር።

እኔ የምኖረው ቴክሳስ፣ ዳላስ አጠገብ ነው። እሳቸው ደግሞ ከፎርት ወርዝ ወደ ምዕራብ አንድ ሰዓት የሚያስነዳ ትንሽ ከተማ ውስጥ። "ዓይኔ ደከመ፤ የሚዛኑን መስመር ማየት አቃተኝ" አሉኝ። ልጆቻቸው አይፈልጉትም። 320 ዶላር ጠሩ። እኔ የመርካቶ ልጅ ነኝና 240 አልኩ። በ280 ተጨባበጥን።

ለማያውቅ ሰው ባጭሩ ልንገር። ጥይት ሲተኮስ ባሩዱ ይነዳል፣ አረሩ ይሄዳል፣ ቀለሃው ግን እጃችሁ ላይ ይቀራል። የናስ ቀለሃ በደንብ ከተያዘ ደጋግሞ ያገለግላል። ሥራው ቀለሃውን ጨምቆ ወደ ልኩ መመለስ፣ የተተኮሰውን ፕራይመር አውጥቶ አዲስ መትከል፣ ባሩድ መዝኖ መጨመርና አረሩን ከላይ መግጠም ነው። ፕራይመር የምንለው ከቀለሃው ሥር የምትገባዋን፣ ቃታ ሲሳብ መርፌው መትቶ የሚያቀጣጥላትን ትንሽ ክዳን ነው። በአሜሪካ የፌዴራል ሕግ ለራስ መጠቀሚያ ለመሙላት ፈቃድ አይጠየቅም። ሠርቶ ለመሸጥ ግን ያስፈልጋል።

ይህን ለአጎቴ በስልክ ስነግረው ሳቀብኝ። "ቀለሃ ለቅመህ ጥይት ልትሠራ ነው አሜሪካ ድረስ የሄድከው?" አለ። በአጼ ምኒልክ ዘመን ጥይት ገበያ ላይ እንደ ገንዘብ ይሠራበት እንደነበር የነገረኝም እሱ ነው። ሲያስበው ነገሩ ያን ያህል አላስገረመውም።

በ280 ዶላሩ ያገኘሁት ይህን ነው። አንድ ሮክ ቸከር የሚባል የአር.ሲ.ቢ.ኤስ ኩባንያ ፕሬስ (እጀታው ሲሳብ ቀለሃውን የሚጨምቀው ዋናው መሣሪያ)፣ የ.308 እና የ.30-06 (ሁለት የጠመንጃ ጥይት ልኮች ናቸው) ዳዮች፣ ባለ ዘንግ ሚዛን፣ ባሩድ መስፈሪያ፣ የቀለሃ አንገት መቁረጫ፣ ቀለሃ የሚያጸዳ ነዛሪ ማሽንና አንድ ባልዲ ቀለሃ። ዳይ ቀለሃውን ወደ ልኩ የሚመልሰው ከፕሬሱ አናት ላይ የሚጠመዘዝ ቅርጽ ማውጫ ነው።

ከሁሉም ምንም ያላሳሰበኝ ፕሬሱ ነው። ኩባንያው በ1943 በካሊፎርኒያዋ ኦሮቪል ከተማ የተመሠረተ ነው፤ መሥራቹ ፍሬድ ሀንቲንግተን ይባላል። ስሙንም ያወጣለት ከሚያድናት ሮክ ቸክ ከምትባል የድንጋይ አይጥ መሳይ እንስሳ ነው። የእኔው ፕሬስ ቀለሙ ዳር ዳሩን ተልጧል፤ እጀታው በሰው እጅ ላብ ጠቁሯል። በቅሎ የሚገዛ ሰው ጥርሷን ያያል። እዚህ የሚታየው ወደ ላይና ወደ ታች የሚሄደው ዘንግ ነው። ግማሽ ድረስ አንስታችሁ በጣታችሁ ነቅንቁት። የሚወዛወዝ ከሆነ ተዉት። የኔው አልተወዛወዘም። በ14 ወር 700 ያህል ጥይት ሠርቼበት ያደረግሁለት ነገር ቢኖር መጥረግና ዘይት መቀባት ብቻ ነው። የሚወድቁትን ፕራይመሮች የምትቀበለው የፕላስቲክ ሳህን ጠፍታ ነበር የመጣው። የእርጎ ዕቃ በሽቦ አስሬ ቦታዋን ሸፈንኩ። እስከዛሬ እሷው ናት።

ሌላው ጥሩ ነገር የዳዮቹ ጥርስ አንድ ዓይነት መሆኑ ነው። ባለ 7/8 ኢንች የሚባለው ልክ በአብዛኞቹ አምራቾች ዘንድ የተለመደ ነው። የአንዱ ዳይ በሌላው ፕሬስ ላይ ይገባል። ስለዚህ አሮጌ ፕሬስ የገዛ ሰው መለዋወጫ አጥቶ አይቸገርም።

አሁን ወደ ሚዛኑ ልምጣ፤ ያስጨነቀኝ እሱ ነበር።

የባሩድ መለኪያ ግሬይን ይባላል። አንድ ፓውንድ ውስጥ 7,000 ግሬይን አለ። አንዱ ግሬይን 0.065 ግራም ያህል ነው። ይህን ያህል ትንሽ ነገር ነው የምትመዝኑት። ሽማግሌው ሚዛኑን በጨርቅ ጠቅልለው ሲሰጡኝ "እንደ ሰዓት ነው የሚሠራው" አሉ። ቤት ወስጄ ክብደታቸው በታወቁ ትናንሽ መፈተሻዎች ሞከርኩት። አንዴ 0.3 ግሬይን አነሰ፤ አንዴ ደግሞ ልክ ሆነ። ሁልጊዜ በአንድ ልክ የሚሳሳት ሚዛን ይሻላል፤ ይሄኛው ግን ጠባዩ አይታወቅም። ሁለት ማታ ተቸገርኩ። በመጨረሻ በእጅ ባትሪና በማጉያ መነጽር ዘንጉ የሚያርፍበትን ጎድጎድ ሳይ የሸረሪት ድር አገኘሁ። አንድ ቀጭን ክር ናት። በአልኮል ጠረግኋት። ከዚያ ወዲህ ሚዛኑ አልዋሸኝም።

ግን ሌላ ችግር ነበር፤ እሱ የቤቴ ጣጣ ነው። ኤሲው ሲነሳ ዘንጉ ይወዛወዛል። ቴክሳስ ውስጥ ኤሲ ማጥፋት ማለት ራስን መቀቀል ነው። በካርቶን ሦስት ጎን ግድግዳ ሠራሁለት። መሃል ላይ አንድ ርካሽ የኤሌክትሮኒክ ሚዛንም ገዝቼ ነበር። ፈጣን ነው፤ ግን ግማሽ ሰዓት ሲቆይ ቁጥሩ በራሱ ይንሸራተታል። አሁን መሳቢያ ውስጥ ነው፤ አንዳንዴ ባለቤቴ ቅመም ትመዝንበታለች። (ባሩድ አልመዘንኩበትም፤ ባሩድ ከነካው በኋላ ወደ ማዕድ ቤት የገባ ዕቃ የለም። ይህን የምጽፈው እሷም ስለምታነብ ነው።)

ዳዮቹ ላይ ጥፋቱ የራሴ ነበር። የጠመንጃ ቀለሃ ዳይ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ቅባት ይፈልጋል። ቅባቱ ከበዛ ቀለሃው ይሰረጉዳል፤ ካነሰ ይጣበቃል። እኔ በሦስተኛው ቀን ቸኮልኩ። ቀለሃው ገባ፤ አልወጣም። እጀታውን በሙሉ ኃይሌ ስስበው ጠርዙ ተቦጭቆ ቀረ። ማውጣቱ ደግሞ መብሳት፣ ጥርስ ማውጣት፣ ብሎን አስገብቶ መሳብ ይጠይቃል። ለዚህ የሚሆን ትንሽ ዕቃ ይሸጣል። ከጅምሩ ቢገዛ ይሻላል፤ ቀኑ መምጣቱ አይቀርም። የ.30-06ቱ ዳይ ደግሞ ፕራይመር ማውጫው መርፌ ተሰብሮ ነበር። ሽማግሌው አልነገሩኝም፤ ረስተውትም ይሆናል። ጥቂት ዶላር ነው። ስትገዙ ግን ዳዩን ፈታ አድርጋችሁ ውስጡን በባትሪ እዩት። ዝገት ካለ እያንዳንዱን ቀለሃ ይጭረዋል።

የገዛሁ ዕለት ልሄድ ስል ሽማግሌው አንድ ካርቶን አመጡ። "ይሄን በነጻ ውሰድ" አሉ። ሁለት የተከፈቱ የባሩድ ጣሳዎችና ራሳቸው የሞሉት 60 ጥይት ነበረበት። የሰው ስጦታ እንቢ ማለት ይከብዳል፤ በተለይ ለእኛ። "አልፈልግም" ለማለት አፌ እንቢ አለኝ። ተቀበልኩ። ቤቴ ስደርስ አንዱን ጣሳ ከፈትኩት። ደህና ባሩድ የኬሚካል ሽታ አለው፤ ይሄኛው ግን አፍንጫ ይቆረቁራል፣ ይኮመጥጣል። ክዳኑ ሥር የዝገት ቀለም ያለው ብናኝ ነበረው። ይህ የመበላሸት ምልክት ነው። ሌላኛው ጣሳ ደህና ይመስል ነበር። ግን ውስጡ ያለው ከላይ የተጻፈው መሆኑን በምን አውቃለሁ? የሰው እጅ የገባበት ጣሳ ነው። ሁለቱንም ሣሩ ላይ በስሱ በተንኳቸው። 60ዎቹን ጥይቶች መዶሻ በሚመስል መፍቻ አንድ በአንድ ፈታኋቸው፤ ሁለት ማታ ወሰደብኝ። አረሩና ቀለሃው ተርፎኛል። የማላውቀው ሰው የሞላውን ጥይት ፊቴ አጠገብ አላፈነዳም። እኚህን ሽማግሌ እወዳቸዋለሁ፤ ቢሆንም።

ከካርቶኑ ሥር የ1970ዎቹ የአሞላል መመሪያ መጽሐፍ ነበረ። ለሥራ አይሆንም። የባሩድ ዓይነቱም አሠራሩም ተቀይሯል፤ ልኩ መወሰድ ያለበት ከአዲስ መመሪያ ነው። ያንን ገዛሁ። አሮጌውን ግን አልጣልኩትም። ዳር ዳሩ ላይ ሰውየው በእርሳስ ጽፈዋል። ብርድ፣ ነፋስ፣ የአጋዘን ቁጥር፣ አንድ ቦታ ላይ ደግሞ "ልጄ ሳተ፣ አለቀሰ" የሚል።

ስለ ቦታ። በሐምሌ ጋራዤ እንጀራ ያስጋግራል። ባሩድ ሙቀት ይጠላል። ስለዚህ ወደ ቤት ማስገባት ነበረብኝ። ባለቤቴ "ባሩድ? እኔ ልብስ ሣጥን ውስጥ?" አለች። ተደራድረን ኮሪደሩ ላይ ያለው የሚቆለፍ ቁም ሣጥን ላይኛው መደርደሪያ ተፈቀደልኝ። ባሩዱ በራሱ ጣሳ፣ ፕራይመሩ በራሱ ፓኬት፣ ተራርቀው። ከሁለት ፓውንድ በላይ ባሩድ አላኖርም።

አንድ ነገር ደግሞ ዘግይቼ ነው የተማርኩት። መጀመሪያ ሰሞን ጠረጴዛው ላይ ቆሎ አስቀምጬ እየቆረጠምኩ ነበር የምሠራው። ከተተኮሰ ፕራይመር የሚወጣው ብናኝ እርሳስ አለበት። ያንን በጣቴ ይዤ ቆሎ! አሁን ሥራ ላይ ምንም አልበላም። ማጽጃ ማሽኑንም ቀለሃውን የሚያጸዳውን የበቆሎ ቆረቆንዳ ፍጭ ከመቀየሬ በፊት ደጅ አወጣዋለሁ፤ አቧራው እንዳይገባ። እጄን በሳሙና ሳልታጠብ ልጆቼን አልነካም።

ትልቁን ድንጋጤ የፈጠረው ግን መሣሪያው ሳይሆን ወሬ ነው። አንድ ቅዳሜ ጓደኛዬ መጣ። ቡና ይዞ ቆሞ ስለ ቤት ኪራይ ያወራል። እኔ ባሩድ እጨምራለሁ። 50 ቀለሃ ትሪው ላይ ተሰድሯል። አረር ከመግጠሜ በፊት እንደ ልማዴ በባትሪ ሁሉንም ከላይ አየሁ። አንዱ ባዶ ነው። ባሩድ የሌለው ጥይት ዝም ብሎ አይከሽፍም። ፕራይመሩ ብቻውን አረሩን ገፍቶ አፈሙዙ ውስጥ ሊወትፈው ይችላል። ያንን ሳታውቁ ሁለተኛ ከተኮሳችሁ ጠመንጃው ሊፈነዳ ይችላል። ከዚያ ቀን ወዲህ ስልኬም ሌላ ክፍል ነው የሚቀመጠው፣ እንግዳም ሳሎን ነው የሚጠብቀው።

ገንዘቡስ? ከ280ው ሌላ 190 ዶላር ጨምሬያለሁ። አዲሱ መመሪያ፣ የሚዛን መፈተሻዎች፣ ርዝመት መለኪያ፣ ቅባት፣ መርፌና ያ የተጣበቀ ቀለሃ ማውጫ ናቸው። የሥራ መሣሪያው ጠቅላላ 470 ደረሰ። አንዱ ጥይት አሁን 81 ሳንቲም ገደማ ይወስድብኛል፤ አረሩ 40፣ ባሩዱ 32፣ ፕራይመሩ 9። የፋብሪካ የአደን ጥይት ሁለት ዶላር ነው የምገዛው። በዚህ ስሌት 400ኛው ጥይት አካባቢ ላይ ወጪዬን መልሻለሁ ማለት ነው። እውነቱን ልናገር ካላችሁኝ ግን አልቆጠብኩም። ድሮ በወር አንዴ ነበር የተኩስ ሜዳ የምሄደው፤ አሁን በየሳምንቱ ነው። ጊዜውም አለ። በዚህ ፕሬስ እጀታው በተሳበ ቁጥር የሚሠራው አንድ ሥራ ብቻ ነው። 50 ጥይት ከጽዳት እስከ መጨረሻው ሁለት ማታ ይወስዳል። ለሚቸኩል ሰው ሌላ ዓይነት ማሽን አለ።

ጥራቱ ላይ ግን አልከራከርም። የ.308 ቀለሃ ከ51.18 ሚሊሜትር ማለፍ የለበትም። እኔ አንድ በአንድ እለካለሁ፤ የረዘመውን እቆርጣለሁ። ጠመንጃዬ የሚወደውን አረር አግኝቻለሁ። ባለፈው ኅዳር ወቅቱ በተከፈተ በሁለተኛው ሳምንት ዘጠና ሜትር ገደማ ላይ በአንድ ጥይት አጋዘን ጣልኩ። ሰኮናው የተሰነጠቀ፣ የሚያመሰኳ ስለሆነ እናቴም አልተቃወመችም። ችግሩ ጊዜው ነበር። ኅዳር 15 የነቢያት ጾም ይገባል። ጥቂት ቀን ጥብስ በላን፤ የቀረው ግማሹ ፍሪዘር ገባ፣ ግማሹ ቋንጣ ሆነ። የገና ዕለት የአጋዘን ቋንጣ ፍርፍር የበላ ሰው ሌላ ነገር አይጠይቅም።

ሰዎች "ለኔም ሙላልኝ" ይሉኛል። ለማንም አልሞላም። ከፈሉኝ ሕጉ አለ፤ ባይከፍሉኝም እጃቸው ላይ የሚፈነዳው የኔ ስህተት ነው።

የ.30-06ቱ ዳይ በዚያ ልክ ጠመንጃ ስለሌለኝ እስካሁን ተቀምጦ ነበር። ያ ቡና ይዞ የሚያወራው ጓደኛዬ ባለፈው ወር .30-06 ገዛ። ሙላልኝ ብሎ ደወለ። "ዳዩን በነጻ ውሰድ፣ ፕሬሱንም ተጠቀምበት፤ የምትሞላው ግን ራስህ ነህ" አልኩት። ቅዳሜ ይመጣል። ቆሎ ይዘህ እንዳትመጣ ብዬዋለሁ።