የአባቴን ቮልስ ላዳኑልኝ ጋሼ፦ ምስጋናና ጥቆማ

ይህን የምጽፈው አንድ ሰው ለማመስገን ነው። የድሮ መኪና ያላችሁ፣ በተለይ ቮልስ የምትነዱ ካላችሁ፣ እግረ መንገዴን እኚህን ባለሙያ ልጠቁማችሁ።

አባቴ ትቶልን የሄደው አንዲት ነጭ ቮልስ አለች። እ.ኤ.አ. የ1972 ሞዴል ናት። እኔና ወንድሞቼ ትምህርት ቤት የተመላለስነው በእሷ ነው። አባታችን ካረፈ ወዲህ የምነዳት እኔ ነኝ። እናቴን እሁድ እሁድ ቤተክርስቲያን የማደርሳትም በእሷ ነው። ሽጫት የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። አልሸጣትም።

ዘንድሮ ግን የፋን ቺንጋ፣ ማለትም ፋኑን የሚያዞረው የጎማ ቀበቶ፣ አስለቀሰኝ። በሁለት ወር ውስጥ ሦስት ቺንጋ በጠሰች። መጀመሪያ ጠዋት ሞተር ሳስነሳ ሲጥጥ ትላለች። ትንሽ ቆይቶ ጥቁር የጎማ ብናኝ ሞተሩ ላይ ተበትኖ አያለሁ። ከዚያ አንድ ቀን መንገድ ላይ ዳሽቦርዱ ላይ ያለው ቀዩ የቻርጅ መብራት ይበራል። ሦስተኛው የተበጠሰው ከአዲሱ ገበያ ወደ ሱሉልታ የሚወጣው ዳገት ላይ ነው። እናቴ አብራኝ ነበረች። ዳር ይዤ አጠፋሁና ሁለታችንም ዝም ብለን ተቀመጥን።

ቮልስን ለማታውቋት፣ ነገሩ ለምን እንዳስጨነቀኝ ልንገራችሁ። ቮልስ ራዲያተር የላትም። ሞተሯ ከኋላ ነው፤ የሚቀዘቅዘውም በአየር ነው። አየሩን የሚነፋው ፋን ባትሪውን ቻርጅ በሚያደርገው ዲናሞ ዘንግ ላይ፣ በሌላኛው ጫፍ የታሰረ ነው። አንዱ ቺንጋ ዲናሞውንም ፋኑንም አንድ ላይ ያዞራል። ስለዚህ ቺንጋ ሲበጠስ ባትሪው ብቻ አይደለም ቻርጅ የሚያጣው፤ ሞተሩም ትንፋሽ ያጣል። «ቤቴ ቅርብ ነው፣ ልድረስ» ብሎ የነዳ ሰው ሞተሩን ያስነክሳል። ቀዩ መብራት ከበራ ወዲያው ቁሙ። እባካችሁ።

ከዚያ በፊት ሁለት ጋራዥ ወስጃት ነበር። ሁለቱም ጋ የሆነው አንድ ነው። አዲስ ቺንጋ ያስገቡና ጥብቅ አድርገው ይሸኙኛል። ለምን እንደሚበጠስ የጠየቀ የለም።

እኚህን ሰው የጠቆመኝ የሰፈራችን ጎሚስታ ነው። ተክለሃይማኖት አካባቢ፣ ግቢ ውስጥ፣ ሁለት መኪና ብቻ የምትይዝ ትንሽ ጋራዥ አለቻቸው። መኪናዋን ሳያዩ በፊት ጠየቁኝ፦ «የተበጠሰውን ቺንጋ አምጥተሻል?» ደግነቱ ከወንበር ስር ጥዬው ነበር። ተቀበሉኝና መነጽራቸውን አደረጉ። ገለበጡት፣ አጠፉት፣ በጣታቸው ዳሰሱት። አንደኛው ጎኑ አይጥ የበላው ይመስላል። ከስር ደግሞ እንደ መስታወት ያብረቀርቃል። «ልጄ፣ ይሄ በእድሜው አልሞተም፤ ተገድሎ ነው» አሉኝ።

ወዲያው አልነኩትም። ሞተሩ ትኩስ ነበርና እስኪበርድ ሻይ አዘዙልኝ።

ሲበርድ ፑሌጃውን፣ ማለትም ቺንጋው የሚጠመጠምበትን መዘውር፣ ፈቱት። ቁራጭ ጨርቅ አወጡና ጠርዙን ዙሪያውን ጠረጉት። ጨርቁ አንድ ቦታ ላይ ያዘ። ክሩ ተመዝዞ እዚያው ቀረ። ጣቴን ይዘው አስነኩኝ፤ እንደ ምላጭ ስለታም ነው። ፑሌጃው ጠርዝ ላይ ካቻቢቴ የሚገባበት ክፍተት አለ። ፑሌጃውን የሚያስረው ዳዶ ሲፈታ ፑሌጃው እንዳይዞር የሚያዘው በዚያ ነው። ከዚህ በፊት የነካካው ሰው ግን በመዶሻ እየመታ ሲፈታ ጠርዙን ሰብሮታል። የተሰበረው ቦታ በዞረ ቁጥር ቺንጋውን ሲልጠው ነበር።

በዚህ አላበቃም። አባቴ በሕይወት እያለ የድሮውን ዲናሞ አስወጥቶ አልተርኔተር አስገብቶባታል። እኛ አገር ሁለቱንም ዲናሞ ስለምንል፣ ሱቅ ሄዳችሁ «የቮልስ ዲናሞ ቺንጋ» ስትሉ የሚሰጣችሁ የድሮው ነው። የእሱ ርዝመት 905 ሚሊሜትር ነው። የአልተርኔተሩ 912 ሲሆን ወርዱም ሰፋ ይላል። ጠባቡ ቺንጋ ሰፊው ፑሌጃ ውስጥ ሲገባ ወደ ታች ይሰምጣል፣ ይንሸራተታል። ሲጥጥ የምትለውም፣ ከስር የሚያብረቀርቀውም ለዚህ ነው። ሦስቱንም ጊዜ የገዛሁት የማይሆናትን ነበር።

የገረመኝ ግን ሮንዴላው፣ ማለትም ስሱ የብረት ቀለበት ነው። የቮልስ ፑሌጃ ሁለት ግማሽ ነው። በመሃሉ ስስ ሮንዴላዎች ይደረደራሉ። ቺንጋው ላላ ካለ ከመሃል አንድ ሮንዴላ ይወጣል፤ ሁለቱ ግማሾች ይቀራረባሉ፤ ቺንጋው ወደ ላይ ይወጣና ይጠብቃል። የወጣው ሮንዴላ ግን አይጣልም። ከውጭ፣ ከዳዶው ስር ይገባል። ቁጥሩ ሁልጊዜ አንድ ነው። ጋሼ ጨርቅ አንጥፈው የእኔን ደረደሩ፤ ሁለት ብቻ። «የቀረውን ማን በላው?» አሉ። ሲያጠብቁ እያወጡ ጥለውት ነው። ለዚህ ነው ፑሌጃው በደንብ ሳይታሰር ሲወላገድ የነበረው።

ከጋራዡ ጥግ የድሮ ሞተር ነበራቸው፤ የጎደለውን ሮንዴላ ከእሱ አሟሉልኝ። የተሰበረውን ግማሽ ፑሌጃ ግን ሞርደው ሊሸኙኝ አልፈለጉም። ልጃቸውን ሶማሌ ተራ ልከው ሌላ አስመጡ። ቮልስ በዓለም ላይ ከ21 ሚሊዮን በላይ የተመረተች መኪና ናት፤ የመጨረሻዋ ሜክሲኮ ውስጥ የወጣችው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። ዕቃዋን ደህና አድርጎ የፈለገ ዛሬም ያገኛል።

ከዚያ ያላሰብኩትን አደረጉ። ባለ 21 ቁልፉን ሰጡኝና «አሁን አንቺ ግጠሚው» አሉኝ። ሁለት ጊዜ ተሳሳትኩ። ሁለቴም በትዕግሥት አስፈቱኝ። ቺንጋው ሁለቱ ግማሾች መሃል ተቆንጥጦ እንዳይቀር ዳዶውን እያጠበቅሁ ሞተሩን በእጅ እንዳዞር አሳዩኝ። በመጨረሻ ቺንጋውን መሃሉ ላይ በአውራ ጣቴ ተጫንኩት። አንድ ሴንቲሜትር ተኩል ያህል ገባ። «በቃ፤ ከዚህ በላይ ካጠበቅሽው ዘንጉ የሚዞርበትን ኩሽኔታ ትበይዋለሽ» አሉኝ።

አዲስ ቺንጋ ትንሽ ስለሚላላ በሳምንቱ ተመለሽ ብለውኝ ነበር። ሄድኩ። አንድ ሮንዴላ ከመሃል ወደ ውጭ አዛወሩና የእጅ ዋጋ አልቀበልም አሉ። ለዋናው ሥራም ያስከፈሉኝ፣ በየጋራዡ ከከሰርኩት ጋር ሲተያይ ጥቂት ነው። አሁን አራት ወር ሆነ፤ ሲጥጥ የሚል ድምፅ የለም። ባለፈው ሳምንት እናቴን ይዤ ያንኑ ዳገት ወጥቻለሁ።

ጋሼ፣ እጅዎ ይባረክ። እድሜና ጤና ይስጥልኝ። መኪናዬን ብቻ አይደለም የሠሩልኝ፤ መንገድ ላይ የመቆም ፍርሃቴንም አውጥተውልኛል። ትርፍ ቺንጋ፣ ካቻቢቴና ቁልፉ አሁን ኮፈን ውስጥ ናቸው።

ስማቸውንና ስልካቸውን በአደባባይ እንዳልጽፍ ለምነውኛል፤ ሰው ከበዛ ሥራው ይበላሻል ብለው ነው። የምር የምትፈልጓቸው በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ጠይቄ አገናኛችኋለሁ። ብቻቸውን ስለሚሠሩ ቀጠሮ ይዛችሁ ሂዱ። የተበጠሰውን ቺንጋም እንዳትጥሉት፤ መጀመሪያ የሚጠይቋችሁ እሱን ነው።