ሳን ፍራንሲስኮ ወይስ ኒው ዮርክ? ሁለት የአይሁድ ፊልም ፌስቲቫሎች

የአይሁድን ሕይወትና ባህል በፊልም ማየት ለሚወድ ሰው አሜሪካ ውስጥ ሁለት ስሞች ቀድመው ይመጣሉ።

ታላቁ የሳን ፍራንሲስኮው ነው። ዲቦራ ካውፍማን እ.ኤ.አ. በ1980 መሠረተችው፤ በዓለም የመጀመሪያው የአይሁድ ፊልም ፌስቲቫል ነው። ጊዜው በጋ፣ ጁላይ አካባቢ ነው። ለብዙ ዓመታት ዋና ቤቱ ካስትሮ ነበር። በ1922 የተከፈተ፣ ፊልሙ ሳይጀምር ኦርጋን ይመታበት የነበረ ሲኒማ ቤት ነው (እኔ ለኦርጋኑ ብቻ እሄድ ነበር)። ፌስቲቫሉ ደግሞ ክርክር አይፈራም። በ2009 ስለ ራቸል ኮሪ፣ በ2003 ጋዛ ውስጥ በእስራኤል ጦር ቡልዶዘር ስለተገደለችው አሜሪካዊት የመብት ተሟጋች፣ የተሠራ ዘጋቢ ፊልም አሳየ፤ እናቷንም ጋበዘ። ከተማው ጉድ አለ። ደጋፊዎቹ ሳይቀሩ ተቆጡ።

የኒው ዮርኩ ታናሽ ነው፤ የጀመረው በ1992 ነው። የአይሁድ ሙዚየምና የሊንከን ሴንተር የፊልም ተቋም አብረው ያዘጋጁታል። ጠባዩም የሙዚየም ነው፦ ረጋ ያለ፣ መራጭ። ከአዳዲሶቹ ጎን የታደሱ የድሮ ፊልሞችን፣ ድምፅ አልባዎቹን ጭምር ያሳያል። ችግሩ ጃንዋሪ መሆኑ ነው፤ ብርዱ አጥንት ይሰብራል።

ለታሪክ ወዳጅ ኒው ዮርክ ይሻላል። እኔ ግን ከፊልሙ በኋላ አዳራሹ ውስጥ የሚነሳው ጭቅጭቅ ስለሚያጓጓኝ ሳን ፍራንሲስኮን እመርጣለሁ።