ጂሲ ይሻላል ወይስ ኤችፒኤልሲ? የምግብ ላብራቶሪ ልታቋቁሙ ላሰባችሁ

ክሮማቶግራፊ ማሽን (ሳምፕል ውስጥ የተቀላቀለውን ለያይቶ የሚለካ) የሚፈልግ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ዋጋውን ነው፣ እኔ ደሞ መጀመሪያ የምትመረምሩትን ንገሩኝ ነው የምለው፣ ምክንያቱም ሳምፕሉ ሳይታወቅ የተገዛ ማሽን ጨርቅ ለብሶ ጥግ ላይ ቁጭ ሲል በአይኔ አይቻለሁ።

ዋናው ጥያቄ አንድ ነው፣ የምትፈልጉት ነገር ሲሞቅ ሳይበላሽ ይተናል ወይ? የሚተን ከሆነ ጂሲ (ጋዝ ክሮማቶግራፊ) ነው። ጂሲ ሳምፕሉን አትንኖ ብዙ ጊዜ 30 ሜትር የሚሆን ፀጉር የመሰለ ኮለም (መለያያ ቱቦ) ውስጥ በጋዝ እየነዳ ይለያየዋል። አረቄ ውስጥ ሜታኖል ለማየት ኤፍአይዲ ዲቴክተር (የተለየውን በነበልባል አቃጥሎ የሚለካ) ያለው በቂ ነው። የቡና ፀረ ተባይ ከሆነ ግን ኤፍአይዲ አያዋጣም፣ በ2008 እ.ኤ.አ. ጃፓን ቡናችን ላይ አገኘሁ ያለችው እንደ ሊንዴን ያሉ ክሎሪን ያለባቸው ናቸውና ኢሲዲ (ክሎሪን ያለበትን በደንብ የሚያይ ዲቴክተር) ወይም ማስ ስፔክትሮሜትር (ሞለኪውሉን በክብደቱ የሚለይ) ያስፈልጋችኋል።

የማይተነውና ሙቀት የማይችለው፣ መድሃኒት፣ ቫይታሚን፣ አፍላቶክሲን (የሻጋታ መርዝ)፣ ለኤችፒኤልሲ (በፈሳሽ የሚሰራው ክሮማቶግራፊ) ነው፣ ይሄኛው ፈሳሹን በትልቅ ግፊት አጭር ኮለም ውስጥ ይገፋዋል። የቡና ካፌይን ከሆነ ዩቪ ዲቴክተር ይበቃችኋል። በርበሬ ላይ ግን ተጠንቀቁ! አውሮፓ የምትፈቅደው አፍላቶክሲን ቢ1 በኪሎ 5 ማይክሮግራም ብቻ ነው፣ የአራቱ አይነት (ቢ1፣ ቢ2፣ ጂ1፣ ጂ2) ድምር ደግሞ 10፣ ስለዚህ ፍሎረሰንስ ዲቴክተር (ብርሃን ሲያርፍበት መልሶ የሚያበራውን የሚለካ) ግድ ነው፣ ቢ1ና ጂ1 ደሞ ውሃ ያለበት ሶልቨንት (ማሟሟያ ፈሳሽ) ውስጥ ብርሃናቸው ስለሚደክም ከኮለሙ በኋላ የሚገጠም ብርሃናቸውን የሚያጎላ የዩቪ ሪአክተር አብራችሁ እዘዙ። እኛ ይሄን ሳናውቅ ዩቪ ብቻ ያለው አዘን ዲቴክተሩ ለብቻው እስኪመጣ ስንት ወር ሳምፕል ስንመልስ ከረምን፣ አሁንም ሳስበው ያንገበግበኛል።

ወጪውንም አስቡት። ኤችፒኤልሲ በደቂቃ 1 ሚሊ ቢፈስ በ8 ሰአት ግማሽ ሊትር ገደማ ሶልቨንት ይጨርሳል፣ አሴቶናይትራይል ደሞ ርካሽ አይደለም፣ ሜታኖል የሚሰራበት ሜተድ ካለ እሱን ምረጡ። ጂሲ ሶልቨንቱ ትንሽ ነው ግን ጋዝ ይፈልጋል፣ ሂሊየም ውድ ነው፣ ለኤፍአይዲ ናይትሮጅንም ይሰራል። መብራት ሲጠፋ የባሰ የሚጎዳው ማስ ስፔክትሮሜትሩ ነው፣ ቫክዩሙ ይወርድና መልሶ እስኪረጋ ሰአታት ይፈጃል፣ ያለ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ የሚይዝ ባትሪ) አትንኩት።

ቲኤልሲን (ፕሌት ላይ የሚሰራውን ቀላል ክሮማቶግራፊ) ደሞ አትናቁት እባካችሁ። ሲሊካ የተቀባ ፕሌት፣ ማሰሮ የመሰለ ጠርሙስና 365 ናኖሜትር የዩቪ መብራት ካላችሁ አፍላቶክሲን ቢ ሰማያዊ ጂ አረንጓዴ ሆኖ በአይን ይታያል። ልኩን በትክክል አይነግራችሁም፣ ግን አጠራጣሪውን ለይቶ ወደ ትልቁ ማሽን ለመላክ በጣም ይጠቅማል፣ በጀት ከሌላችሁ ከዚህ ጀምሩ።

ፕሮፎርማ (የዋጋ ማቅረቢያ) ስታስመጡ የዲቴክተሩ አይነት፣ ትርፍ ኮለምና ጋርድ ኮለም (ዋናውን ኮለም ከቆሻሻ የሚጠብቅ)፣ የፓምፕ ሲል (ማሸጊያ)፣ ስታንዳርዶቹ (ማነፃፀሪያ ንጥረ ነገሮቹ) እና አዲስ አበባ ውስጥ መጥቶ የሚጠግን ኢንጅነር መኖሩ በፅሁፍ ይግባ። መኖሩን በስልክ ብቻ ካረጋገጡላችሁ አትፈርሙ።