የቤት ለቤት ጥናት ወይስ የጤና ኬላ ሪፖርት?

ሐዋሳ ተቀምጣችሁ ስለ ሲዳማ ገጠር ጤና ለመጻፍ ካሰባችሁ፣ ቁጥር የምታገኙት በዋናነት ከሁለት ቦታ ነው። አንዱ በየጥቂት ዓመቱ የሚካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ነው። ሌላው ከጤና ኬላና ከጤና ጣቢያ በየወሩ ተጠቃሎ የሚመጣው ሪፖርት።

የጥናቱ ትልቁ ጉልበት ቤት ድረስ መሄዱ ነው። የጤና ተቋም ደጃፍ ረግጣ የማታውቅ እናትም ትቆጠራለች። እ.ኤ.አ. በ2016 የተደረገው ጥናት፣ በጤና ተቋም የተደረጉ ወሊዶች በከተማ 79 በመቶ፣ በገጠር ግን 20 በመቶ ብቻ እንደነበሩ ያሳየን ለዚህ ነው። ሪፖርቱ ብቻውን ይህን አያሳይም፤ ቤቷ የወለደችው መዝገብ ላይ የለችማ።

ግን ጥናቱን ስለ አንድ ወረዳ ጠይቁት፣ ዝም ይላል። ናሙናው ለክልል እንጂ ለወረዳ አይበቃም። ሲዳማ ደግሞ ክልል የሆነው እ.ኤ.አ. በ2020 ስለሆነ፣ በዚያ ጥናት ውስጥ ያለው ከቀድሞው ደቡብ ክልል ጋር ተደባልቆ ነው።

ወርሃዊው ሪፖርት ወረዳ ቀርቶ ቀበሌ ድረስ ይወርዳል። ከክረምት በኋላ ወባ ሲነሳ ቶሎ የሚጠቁመን እሱ ነው። ችግሩ ማካፈያው፣ ማለትም ሽፋኑ የሚሰላበት የሕዝብ ብዛት ላይ ነው። የመጨረሻው የሕዝብና ቤት ቆጠራ በ1999 ዓ.ም. ስለተካሄደ የወረዳው ሕዝብ ብዛት ግምት ነው፤ ግምቱ ካነሰ የክትባት ሽፋን ከ100 በመቶ በላይ ይወጣል። እንዲህ ያለ ቁጥር ሳይመረመር ሲጻፍ በጣም ያናድደኛል፣ ያልተከተቡ ልጆች ከሥሩ ይደበቃሉና።

እኔ ብጠየቅ ለሽፋን ጥናቱን፣ ለወረዳ ሥራ ሪፖርቱን እመርጣለሁ። ጊዜ ካላችሁ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቹንም አነጋግሩ፤ የየቤተሰቡ የጤና መረጃ የሚያዝበትን ፋሚሊ ፎልደር የሚሞሉት እነሱ ናቸው።